«ይቅርብኝ» ሲሏችሁ፦ ወንጌል መስክራችሁ እምቢ ስትባሉ በፍቅር እንዴት ትመልሳላችሁ?

ወንጌልን እንዴት መጀመር እንዳለብን የሚያሠለጥነን ሞልቷል። መክፈቻው ጥያቄ፣ ስለ መዳን የሚጠቀሱት ጥቅሶች፣ መጨረሻ ላይ የሚጸለየው ጸሎት፣ ሁሉም በሥልጠና ደብተራችን ላይ ተጽፏል። ሰውዬው «ይቅርብኝ» ካለ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ጸልዩለት፤ ወደ ቀጣዩ ሰው እለፉ።» እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ አብዛኛው የምንመሰክርለት ሰው የሚለን ይህንኑ ነው።

ይህ መመሪያ ስለዚያ አንድ መስመር ነው። በተለይ የምጽፈው ነገም ለሚያገኙት ሰው ለመሰከሩ ነው፤ ለቢሮ ባልደረባ፣ ለዶርም ጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ ለእናት። ወንጌል አልቀበልም ያለን ጎረቤት «ወደ ቀጣዩ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ነገ ጠዋት በር ላይ ትገናኛላችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እምቢ ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ቢልም እሺታው ዋጋ የለውም። ስለዚህ እምቢታም የምስክርነቱ አንድ ክፍል ነው። በዚያች ሰዓት የምታሳዩት ፊት፣ ሰውዬው ከተናገራችሁት ጥቅስ በላይ ያስታውሰዋል።

1. እምቢታው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

እኛ አገር ፊት ለፊት «አልፈልግም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ስለዚህ እምቢታችን ብዙ ጊዜ በ«እሺ» ተጠቅልሎ ይመጣል። «እሺ፣ አንድ ቀን እመጣለሁ።» «እስቲ እናያለን።» «እግዚአብሔር ሲፈቅድ።» «አንተ ብቻ ጸልይልኝ።» እሁድ ጠዋት ግን ስልኩ አይነሳም።

እዚህ ላይ መስካሪው ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንዳንዱ እሺታውን አምኖ በየሳምንቱ ይደውላል። አንዳንዱ ደግሞ «ዋሸኝ» ብሎ ይቀየማል። ሰውዬው ግን ያደረገው እናንተን ማክበር ነው። በጨዋ ደንብ እምቢ ብሏችኋል። እናንተም በጨዋ ደንብ መልሱለት፦ «ኧረ አትጨነቅ፣ እንዲያው ላካፍልህ ብዬ ነው። ባትመጣም በመካከላችን ምንም የሚለወጥ ነገር የለም።» ይህን ስትሉት ትከሻው ዘና ሲል ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ እናንተን ሲያይ መንገድ አይቀይርም።

እምቢታ ሁሉ አንድ አይደለም። ጳውሎስ አቴና ላይ ስለ ትንሣኤ ሲናገር ከአድማጮቹ ገሚሶቹ አፌዙ፣ ሌሎቹ «ስለዚህ ነገር ሁለተኛ እንሰማሃለን» አሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ አመኑ (የሐዋርያት ሥራ 17፥32-34)። አንድ ስብከት፣ ሦስት ዓይነት መልስ። በእኛም ዘንድ የሚያፌዝ አለ፣ ጊዜ የሚፈልግ አለ። የቆሰለ አለ። በሚገባ አስቦበት፣ አንብቦ፣ መዝኖ «አላምንበትም» የሚል አለ። ሥራ በዝቶበት ወይም ልጁ ታሞበት ለምንም ነገር አቅም ያጣም አለ። ለዚህ የመጨረሻው ሰው ርኅራኄ ማለት ስለ ልጁ መጠየቅ ነው፤ ስለ ሌላው ነገር ሌላ ቀን።

በተለይ አስቦበት እምቢ ያለውን ሰው «ልብህ ደንድኗል» ማለት ስድብ ነው። እናንተ አላሰብክም እንዳትባሉ እንደምትፈልጉ ሁሉ እሱም ማሰቡ እንዲታወቅለት ይፈልጋል።

2. አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ራሳችሁን ያዙ

እምቢ ስንባል ሰውነታችን ቀድሞን ይመልሳል። ፊት ይግላል። ድምፅ ከፍ ይላል። ፈገግታው ደርቆ ይቀራል። ሰውዬው ኢየሱስን ሳይሆን እኛን እንቢ ያለ ይመስለናል፤ ያኔ የምንከላከለው ክብራችንን ይሆናል።

ያዕቆብና ዮሐንስ የደረሰባቸው ይህ ነው። አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታን ለማሳደር እምቢ ሲል «እሳት ከሰማይ ይውረድ እንድንል ትወዳለህን?» ብለው ጠየቁ። ጌታ ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላ መንደርም ሄዱ (ሉቃስ 9፥51-56)። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ደስ የሚለኝ ቀጣዩ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ዮሐንስ ከጴጥሮስ ጋር ወደ ሰማርያ ይወርዳል፣ እጁን ጭኖ ይጸልይላቸዋል፣ ሲመለስም በብዙ የሳምራውያን መንደሮች ወንጌልን ይሰብካል። ያን ቀን እሳቱ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ለማን ነበር የሚሰብከው?

በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? ወዲያው አትመልሱ። ቡና ፊታችሁ ካለ ፉት በሉ። ትንፋሽ ውሰዱ። የመጀመሪያው ቃላችሁ «ግን» እንዳይሆን ተጠንቀቁ። «ግን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል…» ስትሉ ሰውዬው የሰማው «ያልከውን አልሰማሁህም» የሚል ነው። «ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ቀላል ትመስላለች፣ በተግባር ግን ትከብዳለች።

ሰው ቢሰድባችሁስ? ሮማዊው ገዥ ፊስጦስ በአደባባይ፣ ንጉሥ አግሪጳ በተቀመጠበት፣ ጳውሎስን አብደሃል ብሎ ጮኸበት። ጳውሎስ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። መልሱን የጀመረው «ክቡር ፊስጦስ ሆይ» ብሎ ነው (የሐዋርያት ሥራ 26፥24-29)። አላበደም፤ አለማበዱንም በረጋ ቃል ተናገረ፤ ማዕረጉን ግን አልነጠቀውም። በዕድሜ የሚበልጧችሁ አባት ቢቆጧችሁ «እርስዎ» ማለታችሁ አይቅር። «ጋሼ፣ ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለክፋት አልነበረም» በሉ። ይቅርታ የጠየቃችሁት ስላመናችሁበት ነገር አይደለም። ሰውን ስላስከፋችሁ ነው።

3. አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ከዚያ በእውነት ስሙ

ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ምሳሌ 18፥13 ይነግረናል። ይህ ጥቅስ በምስክርነት ሥልጠና ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም። ቢጠቀስ ጥሩ ነበር።

ጥያቄዋ አንድ ትሁን፣ አጭር ትሁን፣ ወጥመድም አይኑርባት። «ለምንድን ነው የማታምነው?» የፖሊስ ጥያቄ ይመስላል። «ስለዚህ ጉዳይ አንተ ያሳለፍከው ነገር አለ?» ትሻላለች። ሁለት የሥራ ባልደረቦች በምሳ ሰዓት እንዲህ ሲነጋገሩ አስቡ።

«የኔ ቆንጆ፣ እኔ ይሄን ነገር ጨርሻለሁ።»

«ጨርሻለሁ ስትይ?»

«አባቴ ስኳር ነበረበት። አንድ አገልጋይ ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ተወው አለው። ተወው። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቂኝ።»

እዚህ ላይ ምላሳችን የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፦ «እሱ እኮ እውነተኛ አገልጋይ አልነበረም።» እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይቺ ሴት ስለ አባቷ እየነገረችን እኛ ቤታችንን ከስም መጥፋት እያዳንን ነው። የሚሻለው ይህ ነው፦

«በጣም አዝናለሁ። እንደዚያ ሊባሉ አይገባም ነበር።»

ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ከረዘመ ደግሞ፦ «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

በዚያ ምሳ ላይ ስለ መዳን መንገድ አንድም ቃል ላይነገር ይችላል። ጉዳት የለውም። ልጅቷ «እነዚያ ሰዎች» ከምትላቸው መካከል አንዷ ስለ አባቷ ሰምታ ሳትከራከር ቀረች። ባለፉት ዓመታት «ነቢይ ነኝ» ብለው ዘይትና ውሃ ሲሸጡ፣ የሰው ገመና በመድረክ ሲዘረግፉ የነበሩ ሰዎች ያደረሱት ጉዳት ቀላል አይደለም። ከዚያ የሸሸ ሰው ከክርስቶስ ሸሸ ብለን ቶሎ አንፍረድ። ምናልባት እኛም እዚያ ብንሆን እንሸሽ ነበር።

ስትሰሙ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፦ «ልክ ከገባኝ፣ የሚከብድህ አምላክ መኖሩ ሳይሆን እሱን እንወክላለን የሚሉት ሰዎች ናቸው።» ካልገባችሁ ያርማችኋል። ከገባችሁ ደግሞ ያን ቀን የተረዳው ሰው አገኘ ማለት ነው።

4. እሺ ቢላችሁ ምን እንደሚያጣ አስቡ

ብዙዎቻችን የማናስበው ይህን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ 33.9 በመቶው የእስልምና፣ 18.6 በመቶው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነበር። ስለዚህ አገራችን ውስጥ የምትመሰክሩለት ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ አይደለም። ከዐሥር ወደ ስምንት የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ነበር፤ ጾም አለው፣ ጸሎት አለው፣ የቀበራቸው አያቶች አሉት።

ኦርቶዶክስ ጓደኛ «እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» ሲላችሁ ይህን እንደ ማምለጫ አትቁጠሩት። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። የክርስትና ስም አለው። የንስሐ አባት አለው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሳለም ያደገበት ደጅ አለ። «አልዳንክም» የምትለው ቃል በእሱ ጆሮ «እናትህም አያትህም ከንቱ ነበሩ» ተብላ ትገባለች። የእናንተ መረዳት ከእሱ ቢለይም፣ እሱ ክርስቶስን በሚያውቅበት ልክ አክብሩት። «አንተ እንዴት ነው የምትጸልየው? ጌታ ለአንተ ምንህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሊያስደንቃችሁ ይችላል፤ ከእሱ የምትማሩትም ይኖራል። ስለ ሥዕልና ስለ ታቦት፣ ስለ እመቤታችን ቀልድ መቀለድ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ የሌላውን ሃይማኖት እየዘለፉ በ«ረታሁት» መጨረስም ምስክርነት አይባልም። ተመልካች ይሰበስባል፤ ሰው ግን አያመጣም።

ዋጋውን ቁጠሩ። እሺ ያለ ሰው ሰርጉ ላይ ማን ይመጣል? ሲሞት የት ይቀበራል? ፕሮቴስታንቶች በብዙ ከተሞች የመቃብር ቦታ ለማግኘት ሲቸገሩ መኖራቸውን አባቶቻችን ያውቃሉ። እድሩ ምን ይላል? የበዓል ቀን ማዕዱ ላይ ማን ያስቀምጠዋል? ሙስሊም ጎረቤታችሁ ደግሞ ከዚህ የባሰ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ጌታ ራሱ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ተናግሯል (ሉቃስ 14፥28)። ቈጥሮ «አልችልም» ያለውን ሰው ፈሪ ብሎ መስደብ የጌታን ምክር የተከተለውን መስደብ ነው።

ለሙስሊም ወዳጅ የሚሆነውን በአጭሩ ልበል። ለኢድ እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ቤታችሁ ስትጋብዙት በሥጋ ጉዳይ አታስጨንቁት፤ የጾም ምግብና ፍራፍሬ አቅርቡ። እሱ እምቢ ካለ በኋላ ግብዣው ከቀረ ግብዣው ማጥመጃ ነበር ማለት ነው። በዓረብ አገር ለምትሠሩ ደግሞ፦ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ ከእስልምና ውጭ ያለን እምነት በአደባባይ መስበክ የተከለከለ ነው። አሠሪያችሁ ወይም አብራችሁ የምትሠራው ልጅ «ይሄን ነገር እዚህ አታንሺብኝ» ካለች ራሷንም እናንተንም እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ቤተሰብ ነው። እናት «ልጄ፣ የአባትሽ ሃይማኖት ምን አደረገሽ?» ስትል የምትጠይቀው ስለ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። «ከእኔ ተለየሽ ወይ?» ማለቷ ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥቅስ መልስ አይሆንም። መልሱ «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም» ነው፤ ከዚያም በተግባር የትም አለመሄድ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእናታችሁ ቤት ካላችሁ በእነዚያ ቀናት በእሷ ድስትና በእሷ ምጣድ ሥጋም ቅቤም አታስገቡ። ሽሮው ላይ አብራችሁ ቅረቡ። ፋሲካ ሲደርስ ሽንኩርቱን እናንተ ክተፉ። «እኔ ከሕግ ነጻ ነኝ» ብሎ በስቅለት ዕለት እንቁላል መጥበስ ነጻነት ቢመስልም ለእናት ግን ጥፊ ነው።

5. በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ

እምቢታው ግልጽ ከሆነ አትጎትቱት። የመጨረሻ ቃላችሁ አጭር ይሁን፦ «ገብቶኛል። እኔ ይሄን የነገርኩህ ስለምወድህ ነው፤ እምቢ ብትልም እወድሃለሁ። ወደፊት ማውራት ከፈለግክ አለሁ።» ከዚያ ርዕስ ቀይሩ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ልጆች አውሩ።

በማስፈራሪያ አትጨርሱ። «ዛሬ ማታ ብትሞትስ?» የምትለው ጥያቄ በመጀመሪያም አትጠቅምም፣ በመጨረሻ ደግሞ በቀል ትሆናለች። ጌታ ሀብታሙን ወጣት ከማሰናበቱ በፊት አይቶ ወደደው ይላል ማርቆስ 10፥21። ወጣቱ አዝኖ ሄደ። ጌታ አልተከተለውም፤ ዋጋውንም አልቀነሰለትም። ከኋላው ሆኖ ሲሰድበውም አናነብም።

«ታዲያ የእግራችሁን ትቢያ አራግፉ ተብሎ የለ?» የሚል አይጠፋም። ተብሏል፣ ማቴዎስ 10፥14። የተነገረው ግን ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዞሩ መልእክተኞች ነው። ጎናችሁ ለተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ማኩረፊያ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት። ደግሞም ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። አይሁድ ሲቃወሙት ልብሱን አራገፈ፣ «ደማችሁ በራሳችሁ ነው» አለ። ከዚያ የት ሄደ? ኢዮስጦስ ወደሚባል ሰው ቤት። ቤቱ ደግሞ ከምኵራቡ አጠገብ ነበር። በነጋ በጠባ ሲወጡ ሲገቡ ይተያያሉ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የምኵራቡ አለቃ ቀርስጶስ ከነቤተሰቡ አመነ። ጳውሎስም በዚያች ከተማ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ (የሐዋርያት ሥራ 18፥6-11)። እንግዲህ አራግፎ ግድግዳ ተጋርቶ መኖርም አለ።

6. ማግስቱን በደንብ ያዙት

በእኔ ግምት ከሁሉም ደረጃዎች ዋናው ይህ ነው። ሰውዬው እምቢ ካለ በኋላ ይከታተላችኋል። ሳይናገር ይፈትናችኋል። ጠዋት ሰላምታችሁ ይቀንሳል ወይ? ምሳ ስትወጡ ትጠሩታላችሁ ወይ? ወንበራችሁ ይርቃል ወይ? ስለዚህ በማግስቱ እንደ ወትሮው ሁኑ። ከወትሮው በላይ ደግሞ አትሁኑ፤ ድንገተኛ ደግነት ያስነቃል።

ለቅሶ ቢደርስበት ሂዱ፣ ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ፣ ንፍሮውን ቅመሱ። ሰው ለማጽናናት እንጂ ስለ ዘላለም ሕይወት ለማስተማር እንዳልሄዳችሁ አትርሱ። ታሞ ቢተኛ ብርቱካን ይዛችሁ ጠይቁት። «እንድጸልይልህ ትፈልጋለህ?» ማለት ይቻላል፤ «አይ» ካለ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይማርህ» ብላችሁ መነሳት ነው። ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ «አሁን ልቡ ይለሰልሳል» ብሎ መሮጥ አድፍጦ መጠበቅ ነው፤ ደግነት የለበትም።

ስለ ርዳታም አንድ ነገር። «በስንዴ ሃይማኖት ያስቀይራሉ» የሚለው ሐሜት በአገራችን የቆየ ነው፤ አንዳንድ ቦታም ያለ ምክንያት አልመጣም። የቤት ኪራይ የጎደለበትን ሰው ከረዳችሁ ርዳታው በእምቢታው ምክንያት አይቁም። በዚያው ወር ስለ ወንጌል ባታነሱበት ይመረጣል። ብድር እንዳለበት ሰው እየተሰማው እንዲሰማችሁ አትፈልጉም።

አንድ የማልወደው ልማድም አለ፤ የጸሎት ርዕስ። «ለወንድማችን እንጸልይ፣ አባቱ እንዲህ ሆኖ፣ ሚስቱ እንዲህ ብላው፣ ለዚያ ነው ልቡ የደነደነው…» ሰውዬው ለእናንተ ብቻ የነገራችሁ ምስጢር በአንድ ምሽት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ይህ በጸሎት ስም የተደረገ ሐሜት ነው። እግዚአብሔር ስሙንም ታሪኩንም ያውቃል። «ለአንድ ወዳጄ ጸልዩ» ማለት ይበቃል።

7. ሐዘናችሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ውሰዱት

የምትወዱት ሰው የምትወዱትን ነገር ሲገፋ ያማል። ያልታመመ መስካሪ እንዲያውም ያሳስበኛል። ጌታ ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት (ሉቃስ 19፥41)። ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ብዙ ሐዘንና የማያቋርጥ ጭንቀት በልቡ እንዳለ ጻፈ (ሮሜ 9፥2)። ዕንባው ወደ እግዚአብሔር ሲሄድ ጸሎት ይሆናል። ወደ ሰውዬው ሲሄድ ግን ጫና ይሆናል። እናንተ በፊቱ ስታለቅሱ ስለ እናንተ ስሜት ሲል «እሺ በቃ» ሊል ይችላል። ይህን እሺታ አትፈልጉትም።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ በዚህ ላይ ታስተምራለች። ልጇ ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችውን የማኒን ትምህርት ተከትሎ ሲርቅ አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጇን አነጋግረው እንዲረቱላት ለመነች። ጳጳሱ እምቢ አሉ። ለጊዜው ተዪው፣ ጸልዪለት፣ አንብቦ ራሱ ይደርስበታል አሏት። እሳቸውም በልጅነታቸው በዚያው ትምህርት ውስጥ ነበሩ። ልጁ ግን ጭራሽ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ383 ከካርቴጅ ወደ ሮም ሲሳፈር እናቱን አታሎ፣ ሌሊት እሷ ስትጸልይ ነው መርከቡ የተነሳው። በ387 በፋሲካ ሚላን ላይ በከተማዋ ጳጳስ በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ። ይህን የምነግራችሁ «ታገሡ፣ ሁሉም በመጨረሻ ያምናል» ለማለት አይደለም። ሁሉም አያምንም። ያ ጳጳስ ክርክሩን እምቢ ያሉት ንቀው ሳይሆን አውቀው ስለነበር ነው፤ አንዳንዴ ከሰው ላይ እጅን ማንሳትም ርኅራኄ ነው።

ስትጸልዩ «ልቡን ስበር» ብቻ አትበሉ። ለጤናው፣ ለሥራው፣ ለልጆቹ ጸልዩ። ለሰው ደኅንነት ስትጸልዩለት ስትከርሙ ቂም መያዝ ይከብዳችኋል። እናንተም ከተጎዳችሁ፣ ስም ሳትጠሩ ለአንድ የበሰለ ሰው አውሩት።

8. ዳግም መቼ እንደምትናገሩ እወቁ

ተጠይቃችሁ ከሆነ ተናገሩ። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 የሚናገረው ለሚጠይቁ ስለ መመለስ ነው፤ በየዋህነትና በፍርሃት። ካልተጠየቃችሁ ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ፦ «ያኔ ያወራነውን ጉዳይ ባነሳው ቅር ይልሃል?» ቅር ካለው ተዉት። «ከእንግዲህ አታንሳብኝ» ካላችሁ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። ሰው የተናገረውን ወሰን እየጣሱ ስለ እውነት መናገር አይሆንም።

ሥልጣን ካላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። አለቃ ለበታቹ፣ መምህር ለተማሪው፣ አሠሪ ለቤት ሠራተኛዋ ስትመሰክር «አይ» ማለት ለሚሰማው ሰው ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ማንም ሰው በኃይልም ሆነ በሌላ ማስገደጃ በእምነቱ ነጻነት ላይ እንዳይጫንበት ይደነግጋል። ቤት ሠራተኛችሁ እሁድ ከእናንተ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ወድዳ ነው ወይስ ደመወዟን ፈርታ? ካላወቃችሁ የእረፍት ቀኗን ስጧትና ወደ ፈለገችበት ትሂድ።

ስለ ጎዳና ምስክርነትም ሳልነካው አልለፍ። ትራክት (የወንጌል በራሪ ወረቀት) ስትሰጡ ሰው ፊታችሁ ቢቀደው ወይም ቢጥለው ወረቀቱን አንሱ፣ «መልካም ቀን» በሉ፣ ቦታ ቀይሩ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ነገሩ ወደ ጠብ ከሄደ ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በዚያ ሰዓት እዚያው መቆም ጀግንነት አይደለም፤ መውጣታችሁ የተናደደውን ሰውም እንዳይሳሳት ማገዝ ነው።

ሰውዬው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ራሱ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ፣ የጠየቀውን ብቻ መልሱለት። ስለ ሥቃይ ከጠየቀ ስለ ሥቃይ አውሩ። ካላወቃችሁት «አላውቀውም፣ ጠይቄ ልንገርህ» በሉት። ረጅም የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ደርድራችሁ አትላኩ። ቡና ጋብዙት።